ማስተካከያ፦ ቅቤ ማንጠር ማጥለል ብቻ አይደለም

ድብልቅ ነገሮችን ስለመለየት ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፍ ቅቤ ማንጠር የማጥለል ምሳሌ ሆኖ ቀርቦ ነበር። «እንደቀለጠ በወንፊት ማጥለል ይበቃል» የሚለው ይታረም።

ለጋ ቅቤ ከመቶ 15 እስከ 20 እጅ ያህሉ ውሃ ነው። ውሃው በስቡ ውስጥ በጥቃቅን ጠብታ ስለተበተነ ከወንፊትም ከሻሽም አብሮ ያልፋል። ቶሎ የሚያበላሸውም ይኸው ነው። የሚያስወጣው ትነት ስለሆነ ቅቤው በለስላሳ እሳት፣ ሳይከደን ይንተክተክ፤ አረፋው እየተገፈፈ ይውጣ።

ዋናው ነገር መቼ ማውረድ እንዳለብን ማወቅ ነው። ውሃ እስካለ ድረስ ሙቀቱ ከውሃ መፍያ ብዙም አያልፍም (አዲስ አበባ ላይ 92 ዲግሪ ገደማ)። ውሃው ሲያልቅ ግን ሙቀቱ በፍጥነት ይጨምራል፤ ከሥር የተቀመጠው የወተት ፕሮቲን ያርርና ቅቤው ይመራል። መንጨርጨሩ ጋብ ሲል፣ ስቡም ጠርቶ የድስቱ ወለል ሲታይ ወዲያው ይውረድ።

ከዚያ 10 ደቂቃ ያህል ይዝቀጥና ከላይ ቀስ ተብሎ ይንቆርቆር። ወንፊቱ የሚያስፈልገው አሁን ነው፤ ኮሰረቱን፣ ኮረሪማውንና የቀረውን ዝቃጭ ለመያዝ። ወንፊቱም ማስቀመጫውም ፍጹም ደረቅ ይሁኑ፤ እርጥብ ከሆኑ የወጣው ውሃ ተመልሶ ገባ ማለት ነው። ከ1 ኪሎ ለጋ ቅቤ 800 ግራም ገደማ ቢገኝ የጎደለው በአብዛኛው የተነነው ውሃ ነው።