እርማት፦ ፎክ ሮክ (የፎክ ዘፈንና የሮክ ቅይጥ) ኒውፖርት መድረክ ላይ አልተወለደም

«ፎክ ሮክን የፈጠረው ቦብ ዲላን ነው፤ ጁላይ 25 ቀን 1965 በአሜሪካው የኒውፖርት ፎክ ፌስቲቫል ላይ ኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ ሲወጣ ተጀመረ» ለሚለው አስተያየት፦ ቀኖቹ አይገጥሙም። ዲላን ራሱ በዚያው ዓመት ማርች ላይ ባወጣው አልበም ግማሹን ከባንድ ጋር ነው የቀዳው። ዘ ባይርድስ የተባለው የአሜሪካ ባንድ ደግሞ «ሚስተር ታምቡሪን ማን» የተባለውን የዲላንን ዘፈን ጃንዋሪ ላይ ቀድተው፣ ጁን ላይ በአሜሪካ አንደኛ አድርገውታል። ኒውፖርት ከዚያ በኋላ የመጣ ጫጫታ ነው።

የስልቱን ድምፅ ያስያዘው የባይርድሱ ሮጀር መግዊን ባለ 12 ክር ሪከንባከር (የጊታር ሠሪ ስም ነው) ጊታር ነው (በዚያ ቅጂ ከባንዱ መሣሪያ የተጫወተው እሱ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ለቅጂው የተቀጠሩ የስቱዲዮ ሙዚቀኞች ናቸው)። ክሮቹ ስድስት ጥንድ ናቸው፦ አራቱ ወፍራም ጥንዶች በአንድ ኦክታቭ ልዩነት (ያው ኖታ፣ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን ሆኖ)፣ ሁለቱ ቀጫጭኖች በእኩል ድምፅ ይቃኛሉ። ምስጢሩ ግን ኮምፕረሰሩ (የድምፅን ከፍታና ዝቅታ የሚያቀራርብ መሣሪያ) ላይ ነው፤ የምቱን ጉልበት ጨቁኖ ከምቱ በኋላ የሚቀረውን የድምፁን ጭራ ከፍ ስለሚያደርገው ድምፁ ቶሎ አይሞትም። ያለ እሱ የሚሞክሩ ሰዎች «ለምን ደረቀብን?» የሚሉት ለዚህ ነው። ስትቃኙ ከቀጫጭኖቹ በኩል ሲቆጠር የሦስተኛውን ጥንድ ቀጭን ክር ቀስ ብላችሁ አክርሩት፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚበጠሰው እሱ ነው።