«ሆዴን ባር ባር ይለኛል»

በዋሽንግተንና በዙሪያዋ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ይህን ቁጣ ከራሴ ጀምሬ ነው የማመጣላችሁ።

ባለፈው ዓመት የአንድ ወንድማችንን አስከሬን ወደ አገር ቤት ላክን። ታክሲ ነጂ ነበር። የመላኪያው ገንዘብ በሁለት ቀን ሞልቶ ተረፈ። ለቅሶው ላይ «ልቡ ነው» ተባለ፤ እኛም አንገታችንን ደፍተን «ልቡ ነው» አልን። ራሱን እንዳጠፋ የማያውቅ ሰው በዚያ ቤት አልነበረም።

ከመሞቱ ስድስት ወር ገደማ በፊት፣ እንግሊዝኛ ስለሚቸግረው ላስተረጉምለት ክሊኒክ አብሬው ሄጄ ነበር። «ሆዴን ባር ባር ይለኛል፤ እንቅልፍ አጣሁ፤ እህል አስጠላኝ» አለ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ አማርኛ የጠባ ሁሉ ያውቃል። እኔ ግን ለሐኪሟ «ሆዱን ያመዋል» አልኳት። እሷ ጎበዝ ነበረች፤ ስለ ጨጓራው ጠይቃ አላበቃችም፣ የድባቴ መጠይቁን አወጣች። ዘጠነኛው ጥያቄ ብሞት ይሻለኛል ብሎ ያስብ እንደሆነ ነው። ጋሼ እያልኩ የምጠራውን ሰው ይህን እንዴት ልጠይቀው? አፈርኩ። ጥያቄውን ሳላደርስለት «የለም» ብዬ መለስኩለት።

ምን ይል እንደነበር አላውቅም። የመናገሩን ዕድል የነሣሁት እኔ ነኝ። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ መሠረቱም እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። ማንም አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅንም። ሐኪሟ ወደ አእምሮ ሐኪም ላከችው። ሜዲኬይዱን፣ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው መንግሥት የሚሰጠውን የጤና ኢንሹራንስ፣ ይዤ ደወልኩ፦ አንዱ አዲስ ታካሚ አይወስድም፣ ሌላው ሜዲኬይድ አይቀበልም፣ ሦስተኛው ጥሬ ገንዘብ ብቻ። በመጨረሻ የተገኘው ቀጠሮ እጅግ ሩቅ ነበር። የቀጠሮው ማስታወሻ ስልኬ ላይ ሲገባ ከሞተ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር።

ጥቁሮችና ሌሎች አናሳ ማኅበረሰቦች የአእምሮ ሕክምና ከነጮች ያነሰ እንደሚያገኙ፣ ሲያገኙም ጥራቱ እንደሚጓደል የአገሪቱ ሰርጅን ጄኔራል፣ ማለትም የሕዝብ ጤና ዋና ሐኪም፣ የነበሩት ዴቪድ ሳቸር እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ሪፖርት አስፍረዋል። ያኔ የተወለደ ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ነው። ኢንሹራንሱ በደለን፤ እሺ። «ጠንከር በል»፣ «ወንድ አይደለህም ወይ»፣ «እብድ ነህ እንዳይሉህ» ያልነው ግን እኛ ነን። ጸበሉን ይጠመቅ፣ መድኃኒቱንም ይዋጥ፤ ማን አጣላቸው? እድራችን ለሬሳ ይከፍላል፤ በቁሙ ለሚሰቃይ አንድ የሕክምና ቀጠሮ ከፍሎ አያውቅም። እባካችሁ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ይህ ይነሣ። አፍሬ ዝም ብል ጎትጉቱኝ።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ወጣት ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ሰሞኑን ሆዴን ባር ባር ይለኛል» አለኝ። እግሬ ተንቀጠቀጠ። ሌሊት ከባሰበት በ988፣ ራስን ስለ ማጥፋት ለሚያስብና ለተጨነቀ ሰው በተዘጋጀው የእርዳታ ስልክ፣ እንዲደውል፣ አስተርጓሚም እንዲጠይቅ ነገርኩት። ሰኞ ክሊኒክ ወሰድኩት፤ የስልክ አስተርጓሚ ጠየቅሁ፣ መጣለት። እኔ ውጭ ተቀመጥኩ። የአእምሮ ሐኪሙ ቀጠሮ ከሦስት ወር በኋላ ነው። እስከዚያ በየማታው እደውልለታለሁ። ትናንት በሁለተኛው ጥሪ አነሣ።