ይድረስ ለአይፕታሲያ፣ ሳይከራይ ለሰፈረው

ይድረስ ለተከበሩ አቶ አይፕታሲያ፣
ከግራ ሦስተኛው ድንጋይ፣ ከፓምፑ ጀርባ፣ ወረንጦ የማይደርስበት ስንጥቅ ውስጥ

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ከእርስዎ መብዛት በስተቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ። ገንዳዬ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ክላውንፊሽ ዓሦችም ደህና ናቸው፣ ሰላም ብለዋል። ሃመር ኮራሏ፣ ያቺ ባለ ክንድ የባሕር እንስሳ፣ ግን ሰላምታ ለመላክ ፈቃደኛ አልሆነችም። ክንዶቿን ሰብስባ ከተዘጋች ሦስተኛ ሳምንቷን ይዛለች። ምክንያቱን እርስዎ ያውቃሉ።

አንቱታው እዚህ ላይ ያበቃል። ሳይጋበዝ ቤቴ ገብቶ፣ 38 ልጅ አፍርቶ፣ አንድ ቀን እንኳ ውሃ ቀይሮ የማያውቅን ፍጡር አንቱ የምልበት አንጀት የለኝም።

ለማያውቁህ ላስተዋውቅህ። አንተ ጥቂት ሴንቲ ሜትር የምትሆን የባሕር አኔሞኒ ነህ፣ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር እንስሳ። ገላህ ስስና ቡናማ ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል። ከሩቅ ሲያዩህ ትንሽዬ ዘንባባ ትመስላለህ። ከቅርብ ሲያዩህ ዘንባባው ይናደፋል። መጀመሪያ ያየሁህ ቀን "ነፃ ኮራል በቀለልኝ" ብዬ ፎቶ አንስቼህ ለጓደኛዬ ላክሁለት። የመለሰልኝ አንድ ቃል ነው። "አለቀልህ።"

እኔ የባሕር በር የሌለው አገር ልጅ ነኝ። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የግሌን ባሕር ስከፍት የማንንም ፈቃድ አልጠየቅሁም። ባሕሬ የ40 ጋሎን የጨው ውሃ ገንዳ ናት፣ 150 ሊትር ገደማ። እናቴ በቪዲዮ ስታያት "ልጄ፣ እነዚህ ዓሦች ስንት ኪሎ ይወጣቸዋል?" አለችኝ። ለመብል አይደሉም አልኳት። ዝም አለች። ቆየት ብላ "ታዲያ ምን ይሠራሉ?" አለች። እስካሁን መልስ እየፈለግሁ ነው።

መጀመሪያ ላይ ታጋሽ ሰው ነበርኩ። ይህን መመስከር ትችል ነበር፣ ግን ያኔ አልመጣህም። ስድስት ሳምንት ሙሉ ዓሣ የሌለበት ውሃ ፊት ተቀምጬ ቡና ጠጥቻለሁ። ባክቴሪያዎቹ ለዓሣ መርዝ የሆነውን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት መለወጥ እስኪለምዱ ጠበቅሁ። አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ሲያሳዩ ነው ዓሣ ያስገባሁት። ባለቤቴ በዚያ ሰሞን ለእንግዶች "ውሃ እያረባ ነው" ትል ነበር።

ትዕግሥቴ ያለቀው አንድ ሱቅ ውስጥ ነው። ስሙን አልጠራም። 15 ዶላር የተለጠፈባት አረንጓዴ ዞዋንቲድ ነበረች፣ ትንሽ የሲሚንቶ መቆሚያ ላይ የተጣበቀች ቁራጭ ኮራል። ሻጩ "ንጹሕ ናት" አለኝ። ከላይ እውነቱን ነበር። አንተ ከሥር ነበርክ። ኮራሉን መድኃኒት ውስጥ ነክሮ ማውጣት ሌላ ሌላውን ተባይ ያራግፍ ይሆናል፣ አንተን ግን ብዙም አያስጨንቅህም። መደረግ የነበረበት ሌላ ነው። ኮራሉን ከመቆሚያው ነቅሎ፣ መቆሚያውን ጥሎ፣ አዲስ ላይ አጣብቆ፣ ሌላ ትንሽ ገንዳ ውስጥ ለብቻው ሳምንታት ማቆየት። እኔ ከመኪናው እስከ ገንዳው አራት ደቂቃ ነው የፈጀብኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ቸኩዬ የለቀምኩት አንተን ነው።

ከዚያ በወረንጦ መጣሁብህ። ያኔ ብቻህን ነበርክ። እጅጌዬን ሰብስቤ እስከ ክርኔ ገባሁ። ጫፍህን ያዝ ሳደርግ ሽምቅቅ ብለህ ቀዳዳህ ውስጥ ገባህ። ጎተትኩ። ግማሽህ መጣ። ግማሽህን ለባለቤቴ አሳይቼ እንደ አንበሳ ገዳይ ፎከርኩ። የሰናፍጭ ቅንጣት የምታህል ሥጋ ከእግርህ ሥር ድንጋዩ ላይ ከቀረች አዲስ አፍና አዲስ ክንድ እንደምታበቅል ማን ነገረኝ? በሁለት ሳምንት ሰባት ሆናችሁ። ሳይነኩህም ትበዛለህ። ድንጋዩ ላይ ስትንፏቀቅ ከእግርህ ቁራጭ ቁራጭ እየጣልክ ትሄዳለህ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ራሱን የቻለ አንተ ይሆናል። ሽማግሌ መላክ የለ፣ ጥሎሽ የለ፣ ቅልቅል የለ። እኔ ለሠርጌ የወሰድኩትን ብድር ገና አልጨረስኩም።

ቀጥሎ መርፌ። ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚባለውን ኖራ በጥቂት ውሃ እንደ አብሲት አወፈርኩ። ፓምፖቹን አጠፋሁ፣ አለዚያ ኖራው ገንዳውን ሁሉ ይዞራል። ሲሪንጁን ቀስ አድርጌ ወደ አፍህ አስጠጋሁ። ብልሃቱ ሳይነኩ ማጉረስ ነው። ከነካሁህ ትሸሻለህ። ካልነካሁህ ምግብ መስሎህ ትከፍታለህ። በዓመት በዓል ስንቱን ሰው አጉርሻለሁ፣ እንዲህ ተጠንቅቄ ግን አማቴንም አላጎረስኩም። ችግሩ ኖራ የውሃውን ፒኤች፣ የአሲድነቱን መለኪያ ቁጥር፣ ሽቅብ ይነዳዋል። ስለዚህ በአንድ ምሽት ከሦስት ከአራት ማለፍ አይገባም። አንድ ቀን በንዴት አሥራ አንዳችሁን አጎረስኩ። ዓሦቹ ጥግ ይዘው ሲያለከልኩ አደሩ፣ እናንተ ግን ሰባታችሁ በሳምንቱ ተመለሳችሁ።

አንድ ወዳጄ "ድንጋዩን አውጥተህ ቀቅለው" ብሎኝ ነበር። ይህን እንኳ አላደረግሁም፣ አንተም ልብ በልልኝ። ዞዋንቲድንና ዘመዶቿን የያዘ ድንጋይ ውስጥ ፓሊቶክሲን የሚባል ኃይለኛ መርዝ ሊኖር ይችላል፣ ሲፈላ በእንፋሎቱ ይወጣል። እንዲህ አድርገው ከነቤተሰባቸው ሆስፒታል የገቡ ሰዎች አሉ። በአንተ የተነሳ ብዙ ነገር ሆኛለሁ፣ ሬሳ ግን አልሆንም።

ሽሪምፕስ? ገዝቻለሁ። ፔፐርሚንት ሽሪምፕ ይበላሃል ተብዬ ሦስት ይዤ ገባሁ። ሁለቱ ትንንሾችህን ቀመስ ቀመስ አደረጉ፣ ትልልቆችህን አይተው እንዳላዩ አለፉ። ማታ ማታ ለኮራሎቹ የሰጠሁትን ምግብ ከአፋቸው ሲቀሙ ያዝኳቸው። ሦስተኛው ጀርባው ጎበጥ ያለ፣ ቀይ ላይ ነጭ መስመር ያለው፣ ቆንጆ ነበር። ካሜል ሽሪምፕ ነው ለካ። እሱ የሚበላው ኮራል ነው። 15 ዶላሯን ዞዋንቲድ በሦስት ሌሊት ጨርሶ፣ አንተን ከነድንጋይህ ተወልኝ። ስለ ኮፐርባንድም ሰምቻለሁ፣ ያ ሹል አፍ ያለው ባለመስመር ዓሣ። አንተን ይወድዳል ይላሉ። ነገር ግን ከእኔ ሦስት እጥፍ የሚሆን ገንዳ ይሻል፣ ምግብም እንቢ ብሎ በረሃብ የመሞት አመል አለው። አንድ ዓመለኛ ይበቃኛል።

ጎረቤቶችህን ተመልከት እስቲ። ቡናማው አቧራ፣ ዲያቶም የሚሉት፣ ገንዳው አዲስ እያለ መጣ። ሲሊካውን በላ፣ አሸዋውን ቡና ቀባ፣ በጥቂት ሳምንት ተሰናብቶ ሄደ። ጨዋ ነው። ቀዩ ንፍጥ ደግሞ አለ። አልጌ ይመስላል እንጂ ባክቴሪያ ነው። ውሃው የማይንቀሳቀስበት ጥግ ላይ ይነጠፋል። ፓምፑን አዙሬ ምግብ ስቀንስ ነቅሎ ሄደ። ፀጉራም አልጌውም ቢሆን የቧንቧ ውሃ ትቼ አርኦዲአይ በሚሉት ማጣሪያ የተጣራ፣ መለኪያው ዜሮ የሚያሳየውን ውሃ መጠቀም ስጀምር ሳሳ። ሁሉም ሲነግሯቸው ይሰማሉ። አንተ ብቻ ነህ ስድብ የሚያወፍርህ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ፣ ባለቤቴ ከጀርባዬ ቆማ እያነበበች ስለሆነ።

ሃመር ኮራሏ ስትዘጋ ጥፋቱን ሁሉ አንተ ላይ ጫንኩ። ሁለት ሳምንት በመርፌ አሳደድኩህ። ከአንተ ርቃ፣ በሌላኛው ጫፍ ያለችው ኮራል ለምን እንደተዘጋች ግን አልጠየቅሁም። ባለፈው እሁድ ነው መለኪያው ላይ አንድ ጠብታ ጣል አድርጌ ያየሁት። ጨውነቱ 1.030። መሆን የነበረበት 1.025 ወይም 1.026 ነው። ለካ ውሃው በተነነ ቁጥር የምሞላው ጨው ከተበጠበጠበት ባልዲ ኖሯል። ውሃ ይተናል፣ ጨው አይተንም። ባለቤቴ ይህን ስነግራት ከምድጃው ዞር እንኳ አላለችም። "ወጥ ሲመጥ ጨው ይበዛበታል። ውሃ ነው የሚጨመርበት። ይህን ለማወቅ የስንት ዶላር ዕቃ ገዛህ?"

አሁን በየቀኑ ትንሽ ጨዋማ ውሃ እያወጣሁ በንጹሕ እተካለሁ። በቀን ከ0.001 በላይ አላወርድም፣ ድንገት ከወረደ እንስሳቱ ይደነግጣሉ። ዛሬ ረቡዕ ነው፣ 1.027 ደርሻለሁ። ጠዋት ሃመሯ አንድ ክንድ ብቅ አድርጋ መልሳ ሰበሰበች። ይህ ማለት ግን አንተ ነፃ ወጣህ ማለት አይደለም። አጠገብህ ያለችውን ስትነድፍ በዓይኔ አይቻለሁ።

በጣም የሚያናድደኝ ዝናህ ነው። እኔ የማሳድድህን ያህል ሳይንቲስቶች ይንከባከቡሃል። ኮራል ከሆዷ አልጌ ጋር እንዴት እንደምትኖር፣ ሙቀት ሲበዛ ለምን አልጌውን አውጥታ እንደምትነጣ ማጥናት ሲፈልጉ የሚያረቡት አንተን ነው። አንተም እንደ ኮራል አልጌ በገላህ ውስጥ ታኖራለህ፣ ግን አልጌህን ብታጣም አትሞትም፣ ካበሉህ ትቀጥላለህ። በፈረንጆች 2015 ጂኖምህን፣ ሙሉ የዘር መረጃህን፣ አንብበው አሳተሙልህ። ሥራውን የመሩት ሳውዲ ዓረቢያ ቱዋል፣ ቀይ ባሕር ዳር ያለው የንጉሥ አብዱላህ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው። ቀይ ባሕር ዳር! እኔ በ40 ጋሎን ስጽናና አንተ እዚያ ሄደህ ደመወዝተኛ አስተናጋጅ ተመድቦልሃል።

ለማንኛውም ደብዳቤውን የጻፍኩት ስንብት ለማለት ነው። በርጊያን ታውቃታለህ። ዛጎል የሌላት የባሕር ቀንድ አውጣ ናት፣ ከጥፍሬ ብዙም አትበልጥም፣ ጀርባዋ ላይ ነጫጭ ጣቶች የሚመስሉ ነገሮች አሏት። ቀን ተደብቃ ሌሊት ትወጣለች። ከአንተ በስተቀር ምንም አትበላም። አንተ ስታልቅ እሷም በረሃብ ትሞታለች። ለዚህም ነው እኔና ሦስት ጓደኞቼ ዕቁብ የጀመርነው። የቀንድ አውጣ ዕቁብ። ስድስት በርጊያ አዋጥተን ገዛን፣ አንዱ ቤት ሲያልቅባቸው ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። የመጀመሪያው ዕጣ ለእኔ ወጣ። ለአንድ ወር ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም፣ እንዲያውም ተበላሁ ብዬ ነበር። ከዚያ አንድ ሌሊት በቀይ ባትሪ ሳይ አንዷ ትልቁን ልጅህን ከእግሩ ጀምራ ይዛዋለች። ድንጋዩ ላይ ነጭ ጥቅልል እንቁላሏንም ጥላለች። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሌሊት አየሁ።

ከ38 ስምንት ቀርታችኋል። ቅዳሜ የዕቁቡ ተራ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ያለው ጓደኛዬ ነው። እስከዚያ ሦስት ሌሊት አላችሁ።

አክባሪህ የነበርኩ፣
የ40 ጋሎኑ ባለቤት (በወረቀት)

ማስታወሻ፦ ቅዳሜ ማታ ነው። የመጨረሻው ስምንተኛህ ዐርብ ሌሊት ተበላ። በርጊያዎቹን ሰብስቤ በእርጎ ዕቃ ሰጠሁ። ጓደኛዬ ሲወጣ ከገንዳው ሥር ያለውን ቁም ሣጥን ከፍቼ የታችኛውን የማጣሪያ ገንዳ ላጥብ ጎንበስ አልኩ። በርጊያ እዚያ አትወርድም። ማሞቂያው ጎን ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ነገር ክንዶቿን ዘርግታ ቁጭ ብላለች። ወረንጦውን አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩት። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት። ጎንበስ ብላ ረጅም ጊዜ አየች።

"ቁርጥ አባቱን" አለች።