ይድረስ ለክቡር «ለጊዜው»

ባሉበት

ጉዳዩ፦ የአገልግሎት ማህደርዎን ስለመመርመር

ክቡር ሆይ፤

አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። አድራሻዎን ለማግኘት አልተቸገርኩም፤ በየማለዳው የማልፍበት ሕንፃ ላይ «ለጊዜው በጎን በር ይጠቀሙ» የሚል ወረቀት ስላለ፣ ከደጃችን ርቀው እንደማያውቁ አውቃለሁ። ወረቀቱ ሲለጠፍ ነጭ ነበር፤ ዛሬ የሻይ መልክ ይዟል፤ ፕላስተሩም ሁለት ጊዜ ታድሷል። የዋናውን በር ቁልፍ የያዙት ሰው ግን ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል።

ነገሩ የበር ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንደለመድኩት በጎን ገብቼ ዝም ባልኩ ነበር። ነገር ግን ሰሞኑን የምንሠራበት «ጊዜያዊ» ቤት ጣሪያ ስለሚያፈስ ከኮምፒውተሬ አጠገብ ባልዲ ደቅኜ እንደምውል ላመለክት ብሄድ፣ ኃላፊው ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው «አንተ ልጅ፣ አሜሪካ ውስጥ እኮ ታላላቅ ሳይንቲስቶች ተአምር የሠሩት በጊዜያዊ የጣውላ ቤት ነው» ብለው በእርስዎ ስም አሰናበቱኝ። እኔም ከቢሮው እንደወጣሁ የተባለውን ቤት ታሪክ ፈልጌ ማገላበጥ ጀመርኩ። ዓመታቱን በፈረንጆች አቆጣጠር እንዳገኘኋቸው አስቀምጣለሁ።

ቤቱ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በኬምብሪጅ ከተማ፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ በ1943 የተሠራው «ሕንፃ 20» ነው። ጊዜው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነበር። በግቢው ውስጥ «የጨረር ላቦራቶሪ» የሚባል፣ ስሙ ሆን ተብሎ ጠላትን እንዲያሳስት የወጣለት፣ እውነተኛ ሥራው ግን ራዳር የሆነ ድርጅት ሠራተኞቹ ወደ 4 ሺህ ገደማ እየደረሱ ስለነበር መቀመጫ ጠፋ። የአዲሱ ቤት ንድፍ በአንድ ከሰዓት በኋላ ተነድፎ አለቀ ይባላል። ብረት ለጦር ግንባር ስለተፈለገ ሦስቱም ፎቅ በእንጨት ተዋቀረ፤ ነዋሪዎቹም «የኮምፖርሳቶ ቤተ መንግሥት» የሚል የቁልምጫ ስም አወጡለት። የከተማው የእሳት አደጋ ደንብ ያንን የሚያህል የእንጨት ሕንፃ አይፈቅድም ነበርና፣ እርስዎ ዋስ ሆነው ቀረቡ፤ ዕድሜው ጦርነቱ እስኪያበቃና ከዚያም በኋላ ለስድስት ወር ብቻ ነው ተብሎ ተፈቀደ።

ክቡር ሆይ፣ ጦርነቱ በ1945 አበቃ። ስድስቱን ወር በጣቴ ስቆጥር 1946 ላይ ደረስኩ። ቤቱ የፈረሰው ግን በ1998 ነው። በስድስት ወር ላይ ከ50 ዓመት በላይ የጨመረ ዋስ እኔ በበኩሌ አላውቅም፤ እንዲህ ያለ ዋስ የሚገኝ ከሆነ የቤት ኪራይ ውሌ ላይ እንዲፈርሙልኝ እወዳለሁ።

ምክንያቱን ሳጣራ እርስዎን ብቻ መውቀስ እንደማይገባ ተረዳሁ። ከጦርነቱ የተመለሱ ወታደሮች መንግሥት ከፍሎላቸው ትምህርት ቤቶችን ስላጥለቀለቁ፣ የቆመን ጣሪያ ለማፍረስ የሚደፍር አልተገኘም። ስለዚህ ሌላ ቦታ ያላገኘ ሁሉ ወደዚያ ተላከ፤ የኑክሌር ሳይንስ ሰዎች፣ የድምፅ ተመራማሪዎች፣ በኋላም እነ ኖአም ቾምስኪን የያዘው የሥነ ልሳን ክፍል፣ ሌላው ቀርቶ በአሻንጉሊት ባቡር የሚጫወቱ ተማሪዎች ማኅበር ሳይቀር። (በነገራችን ላይ ያ ማኅበር ዛሬ «ሃከር» የሚባለው ቃል ከተወለደባቸው ቤቶች አንዱ ነው።) መተላለፊያው ረጅምና ጨለምለም ያለ፣ ወለሉ በእግር ሥር የሚንቋቋ፣ የክፍሎቹ ቁጥር አሰጣጥም እንግዳ የሚያስት ነበር። ክረምቱ ቆፈን፣ ሐምሌው ደግሞ፣ እዚያ ሐምሌ የሙቀት ወር ነውና፣ እንደ ምድጃ ነበር።

በዚህ ሁሉ ላይ ግን አንድ ነገር አስቀናኝ። ገመድ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ማሳለፍ የፈለገ ተመራማሪ ማመልከቻ አይጽፍም ነበር፤ መሰርሰሪያውን አንስቶ ግድግዳውን ይበሳዋል። ጀሮልድ ዛካሪያስ የተባለው ፊዚሲስት ለአቶሚክ ሰዓት ሙከራው ረጅም ቱቦ ማቆም ስላስፈለገው ሁለት ወለል ቀዶ አሳለፈው ይባላል። ማን ይቆጣዋል? ነገ የሚፈርስ ቤት ነው። እኛ ዘንድ፣ ክቡር ሆይ፣ ነገ በሚፈርሰው ቤት ውስጥ ለካፖርት ማንጠልጠያ አንድ ሚስማር ለመምታት የንብረት ክፍል ሦስት ፊርማ ይጠይቃል። አማር ቦስ የሚባለው ተማሪ ደግሞ ለራሱ የገዛው የሙዚቃ ማጫወቻ ድምፁ ስላላረካው በዚያው ቤት ወዳሉት የድምፅ ተመራማሪዎች ጎራ ማለት ጀመረ፤ የድምፅ ማጉያ ድርጅቱን ያቋቋመው በ1964 ነው። ጀሮም ሌትቪን የተባሉት ሳይንቲስት ቤቱን የተቋሙ ማሕፀን ብለውታል፤ የተዝረከረከ ቢሆንም የሚወልድ።

እንግዲህ ኃላፊዬ የያዙት ይህንን ነው፤ ጣውላው ወለደ ብለው አምነዋል። እኔ ግን የማህደሩን ቀጣይ ገጽ ገለጥኩ። ጦርነቱ ሲያበቃ የራዳሩን ሥራ በ1946 የወረሰው የኤሌክትሮኒክስ ምርምር ላቦራቶሪ ገንዘቡን የሚያገኘው ከአሜሪካ ጦር ኃይሎች ነበር፤ ከጦርነቱ የተረፈውን መሣሪያም ወርሶ ነበር። ድሃው ቤቱ እንጂ በውስጡ የነበሩት ሰዎች አልነበሩም። ወዳጆችዎ ታሪኩን ሲያወሩ ጣውላውን ያነሱና በጀቱን ይዘሉታል፤ ሙቀቱን ያነሱና መሰርሰሪያውን ይዘሉታል። እኛም ከሕንፃ 20 የደረሰን ማፍሰሱ ብቻ ሆነ።

ከ1998 በኋላ የሆነውንም አንብቤያለሁ። በፈረሰው ቤት ቦታ ላይ ፍራንክ ጌሪ የነደፈው፣ ግድግዳው የተንጋደደ፣ ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር የፈጀ «ስታታ ሴንተር» የሚባል ሕንፃ በ2004 ተከፈተ። በ2007 ኢንስቲትዩቱ ሕንፃው ያፈስሳል፣ ይሰነጣጠቃል ብሎ የነደፈውን ድርጅትና የሥራ ተቋራጩን ከሰሰ፤ ጉዳዩም በ2010 በስምምነት አለቀ። ይህንን ለኃላፊዬ አልነገርኳቸውም፤ «አየህ፣ ዘላቂውም ያፈስሳል» ማለታቸው አይቀርምና።

ስለዚህ ከሁለት አንዱን እንዲፈጽሙልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ወይ እንደ ቃልዎ ስድስት ወርዎን ቆጥረው ይሂዱልን፤ ወይም አብረውን የሚያረጁ ከሆነ፣ ወደ ኬምብሪጅ ሲሄዱ ይዘውት የነበረውን መሰርሰሪያና የበጀት ደብዳቤ ለእኛም ይዘው ይምጡ። መልስዎን በዋናው በር በኩል ቢልኩት ስለማይደርሰኝ፣ በጎን በር ይሁን።

ከሰላምታ ጋር
(የማይነበብ ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለጎን በር ጥበቃ
ለንብረት ክፍል
ለባልዲው