ለድንቢጥ ቲኬት አይቆረጥም

ሰሞኑን አንድ የሬዲዮ እንግዳ «ቤቱ ቁጭ ብሎ የጓሮውን ወፍ የሚያይ ሰው፣ ተፈጥሮን አየሁ ብሎ ባያወራ ጥሩ ነው» ሲል ሰማሁት። ተፈጥሮ ለሱ መኪና፣ አስጎብኚና ክንድ የሚያህል ካሜራ ነው። ማስረጃው ደግሞ ይቺን ታህል፦ «ጓሮ ውስጥ ከድንቢጥና ከጉንዳን በስተቀር ምን አለ?»

እንቁጠርለት እንዴ? ጄኒፈር ኦወን የተባለች እንግሊዛዊት የሥነ ሕይወት ባለሙያ ሌስተር ከተማ በሚገኘው ቤቷ ጓሮ ያገኘችውን ለ30 ዓመት መዘገበች። 2,673 ዝርያ! ጫካ እንዳይመስላችሁ፤ አበባና አትክልት ያለበት ተራ የከተማ ጓሮ ነው።

የኔ ነገር ግን ቁጥሩ አይደለም። ሩቅ ሄደህ ያየኸውን እንስሳ የምታየው አንዴ ነው። አንበሳው ተኝቷል። ፎቶ አነሳህ፣ ሄድክ። ትላንት ምን እንደበላ አታውቅም፣ ነገም አታገኘውም። የጓሮ እንስሳ ግን ጎረቤት ነው። መስኮቴ ጥግ አንዲት ሸረሪት አለች። ሲመሽ አሮጌ ድሯን ትበላዋለች፤ ክሩ አይጣልማ! ከዚያ አዲስ ትጀምራለች። መጀመሪያ ከመሐል ወደ ዳር ትወጥራለች፣ በመጨረሻ የሚያጣብቀውን ክር ከዳር ወደ መሐል እየዞረች ትሞላዋለች። አንድ ቀን አንድ እግሯን አጥታ አየኋት። የዚያን ዕለት ድሩ ተንጋደደ። የትላንቱን ድር ያላየ ሰው የዛሬውን መንጋደድ ከየት ያውቃል? በግማሽ ቀን ጉብኝት? አይታሰብም።

የዝግመተ ለውጥ ሊቁ ዳርዊን እንኳ አምስት ዓመት በመርከብ ዓለምን ዞሮ፣ ዕድሜውን የጨረሰው በገዛ ግቢው ነው። የምድር ትሎችን አፈር የሞላ የአበባ ማሰሮ ውስጥ አድርጎ ፒያኖ አሰማቸው። ንቅንቅ አላሉም። ማሰሮውን ፒያኖው ላይ አስቀምጦ ሲመታ ግን ንዝረቱ ደረሰባቸው፤ ሽው ብለው ጉድጓዳቸው ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1881 ስለነሱ መጽሐፍ አሳተመ። የሬዲዮው ሰውዬ እዚያ ቢኖር «ትል ምን አለው?» ይለው ነበር።

እሺ፣ አንበሳ ጓሮ አይመጣም። ይቺን እሰጠዋለሁ። ያናደደኝ ግን ንቀቱ ነው። አልጋ የያዘ አለ፣ ጉልበቱ የከዳው አለ፣ ሕፃን ታቅፋ ከቤት መውጣት ያቃታት አለች። እነዚህ ሰዎች መስኮት ዳር ቁጭ ብለው የሚያዩት ወፍ የውሸት ወፍ ነው? እንዲያውም ልንገራችሁ፦ ጓሮው ያለውን የማያይ ሰው ጫካ ቢወስዱትም አያይም። ካሜራው ያይለት ይሆናል እንጂ።

አሁን ይህን ስጽፍ ጽጌረዳዋ ላይ ክሽክሽ፣ ያ የተክል ጭማቂ የሚመጥ ደቃቅ ነፍሳት፣ ሰፍሯል። ጉንዳኖቹ በአንቴናቸው ጀርባውን እየነካኩ ጣፋጭ ጠብታ ያልቡታል። አንድ ቀይ ጥንዚዛ ክሽክሹን ሊበላ መጣ፤ ተረባርበው ከቅጠሉ ላይ ጣሉት። ከብት ጠባቂ ናቸው እኮ! የሬዲዮው ሰውዬ «ጉንዳን» ብሎ የናቀው ይሄንን ነው።