አጋም ነቅላችሁ ሳር ለምታጠጡ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው።

መጋቢት ላይ አንዱ ጎረቤቴ ከአጥሩ ሥር የነበረውን አጋም በገጀራ አስመነጠረው። "ምን በደለህ?" ብለው "ግቢው ጫካ መሰለ" አለኝ። ቦታው ላይ ሳር አነጠፈበት። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ጎማ ይዞ ሳር ሲያጠጣ ያረፍዳል። ማታ ደግሞ ለልጆቹ ማርማላታ ገዝቶ ይገባል።

እሱን ብቻ አልወቅስም። እናንተስ አጋም እየበላችሁ አላደጋችሁም? ቸኩላችሁ ጥሬውን ስትቀጥፉ ነጭ ወተቱ ከንፈራችሁን ያጣበቀው ተረሳ? ቀጋውን ለሁለት ከፍላችሁ፣ ፀጉራሙን ዘር በጥፍራችሁ ፍቃችሁ ጥላችሁ፣ ሥጋውን ብቻ ስትበሉ? ቀጋ እኮ የአገራችን ጽጌረዳ ነው። የውጭውን በብር እየገዛን የራሳችንን ለማገዶ ሰጠነው።

"እሾህ አለው" ትላላችሁ። አለው። ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል የተባለው በከንቱ አይደለም። ታዲያ መተላለፊያ ላይ ትከሉት ማን አላችሁ? ሰው የማይረግጠው ዳገት አለ። ጎርፍ የሚሸረሽረው የቦይ ዳር አለ። እዚያ እሾሁ ፍየል ይከለክልላችኋል።

አንዳንዱ ደግሞ ባዶውን መሬት የወፍ ቆሎ በሚሉት ቁጥቋጦ ይሸፍናል። አበባው ያምራል፣ አይካድም። ግን ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ወራሪ ነው። ቅጠሉ ከብት ይመርዛል፣ ፍሬውን ወፍ በየግጦሹ ትበትነዋለች። ለእሱ ቦታ ያላጣ ሰው ለአጋም አጣ?

ሥራው እንደሆነ ከባድ አይደለም። የበሰለውን አጋም ሥጋውን አጥባችሁ፣ ዘሩ ሳይደርቅ ዝሩት። የጫካ እንጆሪ ከሆነ ረጅሙን ቅርንጫፍ አጎንብሳችሁ አፈር አልብሱት። እዚያው ሥር ይሰድና እየተሳበ መሬቱን ይይዘዋል። ኮሽም የሚባለው እሾሃም የፍሬ ተክል ግን ወንዴና ሴቴው ለየብቻ ነው። አንድ እግር ብቻ ተክሎ "አላፈራም" ብሎ መራገም የለም፣ አራት አምስት አድርጉት። ችግኙን ክረምት ሲገባ አውጥታችሁ ቦታው ላይ ትከሉት። የመጀመሪያውን በጋ ውኃ ይፈልጋል፣ እንዳትለግሙ። መቀሱን ደግሞ ፍሬው ተለቅሞ እስኪያልቅ አቆዩልኝ።

የጎረቤቴ አጋም ሥሩ አልሞተም። ትናንት በአጥሩ ላይ አሻግሬ ሳይ ከሳሩ መሐል ሦስት ቀንበጥ ብቅ ብሏል። እሱ ገና አላየውም። እኔም አልነገርኩትም።