አራት ሰው አጣሁ

ብሶት የወለደው ፖስት ነው። ረጅም ነው። ያልፈለገ ይለፈኝ።

አራት ሰው ብቻ ነው የፈለግኩት፣ ያውም እኔን ጨምሮ። ብር አበድሩኝ አላልኩ። ዋስ ሁኑኝ አላልኩ። ቤት ስቀይር ፍሪጅ ተሸከሙልኝም አላልኩ። ቅዳሜ በ10 ሰዓት ቤቴ መጥታችሁ አንድ አንድ ቁልፍ ተጫኑልኝ ነው ያልኩት። የመጀመሪያው መልስ ምን ነበር? «በሀበሻ ነው በፈረንጅ?»

ቆይ ከሥሩ ልጀምር። ፍሌሚንግ ሊፕስ የሚባል የሮክ ባንድ አለ። በ1983 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠሩልኝ) አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ ተመሠረተ። ዌይን ኮይን ጊታር፣ ወንድሙ ማርክ ድምፅ፣ ማይክል አይቪንስ ቤዝ። ማርክ ብዙም ሳይቆይ ወጣና ዘፈኑም ዌይን ላይ ወደቀ። ድምፁ፣ እውነቱን እንነጋገር፣ ይሰነጠቃል። እኔ እወደዋለሁ። በዚያን ጊዜ ሰውየው እንጀራው የዓሣ ጥብስ ቤት ውስጥ ነበር፤ ለዓመታት ሲጠብስ ኖሯል። የ60ዎቹን ሳይኬደሊክ ሮክ፣ ያንን ማሚቶውንና የተጣመመ ጊታሩን፣ ከፓንክ ጩኸት ጋር ደባልቀው መልሰው አመጡት።

በ1993 ዳቦዋ ላይ ቫዝሊን ስለምትቀባ ልጅ አንድ ዘፈን አወጡ። ቀልድ አይደለም፣ በሬዲዮም በቲቪም ተሰማ። ሰው ሁሉ «የአንድ ዘፈን ልጆች» ብሎ ደመደመ። በ1996 ደግሞ ጊታሪስታቸው ሮናልድ ጆንስ ጥሏቸው ሄደ። ሌላ ባንድ ቢሆን ሌላ ጊታሪስት ይፈልጋል። ዌይን ፓርኪንግ ፈለገ። ባለመኪኖችን ሰብስቦ ለየመኪናው ካሴት አደለና በአንድ ምልክት እኩል አስከፈታቸው። ፓርኪንጉ በሙሉ አንድ ቴፕ ሆነ ማለት ነው።

የኔ ጣጣ የመጣው ከዚያ ነው። በኦክቶበር 1997 «ዛይሪካ» የሚባል አልበም አወጡ። ስምንት ዘፈን፣ አራት ሲዲ። አራቱ ተራ በተራ አይደለም የሚሰሙት፤ በአራት ማጫወቻ፣ እኩል ተጀምረው፣ አንድ ላይ ነው። ስሙ ዛየርና ዩሬካ ተዳብለው ነው፤ ዛየር ለትርምሱ፣ ዩሬካ («አገኘሁት!» ማለት ነው) ለግኝቱ። (ትርምስ ሲባል አፍሪካ ትዝ የሚላቸው ነገር ያበግነኛል፤ እሱን ሌላ ቀን። ደግሞ አልበሙ ሲወጣ ዛየር የሚባል አገር የለም! በሜይ መሪው ሞቡቱ ወድቆ ስሙ ኮንጎ ሆኗል።)

ፒችፎርክ የሚባል የሙዚቃ ሂስ ድረ ገጽ ላይ አንድ ሐያሲ ከ10 ስንት ሰጠው? 0.0። ድሮ ሳነበው ስቄ ነበር። አሁን ሳስበው ሰውየው ጓደኞቹን ጠርቶ ቀርተውበት ይሆናል።

ባንዱስ ምን ሆነ? ምንም። በ1999 ብዙ ሰው ምርጣቸው የሚለውን አልበም አወጡ፣ በ2003 ግራሚ ወሰዱ፣ በ2009 አንዱ ዘፈናቸው የኦክላሆማ ይፋዊ የሮክ ዘፈን ተባለ። እኔ ነኝ እዚህ አራት ቴፕ ስለቅም የምውለው።

መጀመሪያ በስልክ ሞከርኩ። ብሉቱዝ ድምፅ ያዘገያል፣ እያንዳንዱ ስፒከር ደግሞ በራሱ ልክ ነው የሚያዘገየው። ሰርግ ቤት አራት ሽማግሌ እኩል ሲያወራ አስቡት። ስለዚህ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ሁለት ሲዲ ማጫወቻ ገዛሁ፣ አንዱን ከአጎቴ ቤት አመጣሁ፣ አንዱን ተዋስኩ። ሲዲም ቢሆን እኩል አይሮጥም፤ በሽርፍራፊ ሰከንድ እየተንሸራተተ ይለያያል። ግን ያ የተፈለገ ነው። ሁለት ጊዜ ስትሰማው አንድ ዓይነት አይሆንም። በሽርፍራፊ ሰከንድ መዘግየት ችግር የለውም! የኛ ሰዓታት ነው።

አንዷን ያጣሁት በራሴ አፍ ነው። አንድ ዘፈን ውስጥ ያሉት እጅግ ቀጫጭንና ወፋፍራም ድምፆች ሰው ሊያዞሩ እንደሚችሉ አልበሙ ራሱ ያስጠነቅቃል። ይህን ግሩፓችን ላይ ጻፍኩት። «እኔ ልጅ አለኝ» ብላ ወጣች። የአጎቴን ልጅ ተካሁ።

ቅዳሜ 11 ሰዓት ተኩል ላይ አንዱ መጣ፣ ቡናውን ይዞ። አንዱ 1 ሰዓት ላይ፤ ከሰላምታው ቀድሞ «ምግብ የለም እንዴ?» የአጎቴ ልጅ «መንገድ ላይ ነኝ» አለ። ከኋላው የሻወር ውኃ ይሰማል።

2 ሰዓት ላይ በሦስቱ ከፈትነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ቆጠርኩ። አንዱ በሁለት ተጫነ። «በሦስት ነው ወይስ ከሦስት በኋላ?» ብሎ ይከራከረኛል። ዘፈኑ የፊት ጥርሱ የወለቀ ሰው ነው የሚመስለው። ጨርሰን ስንበላ «ይሄ ነው እንዴ?» አለኝ ባለቡናው።

አይደለም! ሦስት አራተኛው ነው!

አራተኛው ማጫወቻ ሲዲውን እንደያዘ ሳሎን ተቀምጧል። ይህን ስጽፍ እሁድ ጠዋት ነው። አሁን ደወልኩለት። መንገድ ላይ ነው።